ቤቱን ሸጦ ጀልባ የገዛው ጎረቤቴ

ሀበሻ አንድን ሰው አበደ የሚለው ልብሱን ጥሎ ሲሄድ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ሲሸጥም ነው። በተለይ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ቤት! እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ እየሠራ የባንክ ዕዳውን ያጠናቀቀ ወገን የመጨረሻዋን ክፍያ የከፈለ ዕለት ድፎ ዳቦ አስቆርሶ ጎረቤት ይጠራል። ከዚያ ሀገር ቤት ሌላ ቤት ይጀምራል። የሀገር ቤቱ ቤት ሳያልቅ ጉልበቱ ያልቃል። በመጨረሻም ሁለት ቤት እያለው በልጁ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ የልጅ ልጅ እየጠበቀ ያረጃል። ይህን የማወራው ከዳር ቆሜ አይደለም፤ እኔም አያት አካባቢ ጣሪያው የቀረ ቤት አለኝ።

ጎረቤቴ የዚህ ተቃራኒ ነው። አሜሪካዊ፣ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር፣ ሰባ ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው ሰው። (መቼም ፈረንጅ ላይ ስንደርስ አንቱታው ከምላሳችን ይጠፋል። እኔም እንደ ልማዳችን "እሱ" ልበለው፤ ቢሰማም አይከፋውም።) ይህ ሰው ከሚስቱ ጋር ተማክሮ ቤቱን ሸጠና አሥራ አንድ ሜትር የምትረዝም ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዛ። የቤቱን ዕቃ ደጁ ሣር ላይ ዘርግቶ በሁለት ቅዳሜ ቸበቸበው። የሰፈራችን ሀበሾችም ሄደን ድስትና መሰላል ገዛን። ይዘን ስንመለስ "ምስኪን! የሚመክረው ልጅ እንኳ የለውም እንዴ?" እያልን አዘንንለት። ልጅስ ነበረችው። ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው። እሷማ "ጎሽ አባዬ" ብላዋለች አሉ።

ነገሩ ለካ የአንድ ሰው እብደት አይደለም። በየዓመቱ የዛፉ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ ሲጀምር ከካናዳ፣ ከሜይን፣ ከኒውዮርክ የተነሡ ጀልባዎች የባሕሩን ዳርቻ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ክረምቱን ፍሎሪዳ ወይም ባሃማስ ያሳልፉና ሲሞቅ ይመለሳሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። እንደ ወፍ ብርድ ሸሽተው ስለሚሄዱም "ስኖበርድ" ይሏቸዋል፤ የበረዶ ወፍ እንደ ማለት። ወቅቱን እኛ መጸው የምንለው ነው። በእኛ ዘንድ ሜዳው ገና በአበባ የተሸፈነበት፣ በእነሱ ዘንድ ደግሞ ዛፉ የሚራቆትበት ጊዜ ነው።

አነሣሡም ስሌት አለው። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት እ.ኤ.አ. አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ቀድመው ቢወርዱ አውሎ ነፋሱ ይቀበላቸዋል፤ ብዙ የጀልባ ኢንሹራንሶችም ወቅቱ ጋብ እስኪል ከተወሰነ መስመር ወደ ደቡብ እንዳይወርዱ ይከለክላሉ። ቢዘገዩ ደግሞ ገመድ በእጅ የማያስይዝ ብርድ አለ። ስለዚህ ሁሉም በኦክቶበር መጨረሻ እንደ ፋሲካ ዋዜማ አውቶብስ ተራ ይተራመሳል።

የሚሄዱትም በውቅያኖሱ ላይ ብቻ አይደለም። "ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ" የሚባል የውስጥ የውኃ መንገድ አለ። ወንዙን ከወንዝ፣ ወሽመጡን ከወሽመጥ በቦይ እየቀጣጠሉ የሠሩት ነው። ዜሮ ማይል የሚባለው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ማያሚ 1,095 ማይል፣ ወደ 1,760 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ይህን ያህል ለምን ደከሙበት ቢሉ፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ ኬፕ ሃተራስ የሚባል፣ "የአትላንቲክ መቃብር" የሚል ስም የወጣለት መርከብ በላ ዳርቻ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እዚያው አካባቢ የንግድ መርከቦችን እየጠበቁ ያሰምጡ ጀመር። ያኔ ከዳርቻው በስተውስጥ የሚያልፍ መንገድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁሉም ተረዳው።

የጎረቤቴ ዕቅድ ሊነሣ ሁለት ወር ሲቀረው ተበላሸ። ሚስቱ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት። "አንተ ጀልባዋን አምጣት፤ እኔ ልጃችን ጋ ሆኜ እጠብቅሃለሁ" ብላው በአውሮፕላን ሄደች። እሱ ሁለት ረዳት ፈለገ። የገዛሁትን መሰላል ልመልስለት በሄድኩ ጊዜ (ስዕል ሊሰቅል ነው ብዬ አይደለም፤ የጀልባዋን ምሰሶ ሊያይ ተውሶኝ ነው) "ሁለት ሳምንት ፈቃድ የለህም?" አለኝ። አለኝ። ዋና ግን አልችልም። "ውኃው ብዙ ቦታ ከወገብህ ብዙም አይበልጥም፤ ቆመህ ትሄዳለህ" አለ። ያበረታታኝ መስሎት ነው።

ሁለተኛው ሰው ማን ይሁን ሲል ግን ትዝ ያሉኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና በምንጠጣበት ቤት ነው የማውቃቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዐሥራ ስምንት ሳይሞላቸው በንጉሡ ዘመን ምጽዋ ወርደው ባሕር ኃይል ገቡ። "ኢትዮጵያ" በምትባለው መርከብ ላይ ብዙ ዓመት አገልግለዋል። መርከቧ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1962 የተገኘች፣ የቀድሞ ስሟ "ኦርካ" የነበረ፣ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም ናት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ከሌሎች ነው የሰማሁት። እሳቸው ስለ ባሕር አያወሩም። ልጃቸው በበጋ ቤተሰቡን ሰብስቦ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ እንኳ "ፀሐይ አይስማማኝም" ብለው ቤት ይቀራሉ። የምጽዋን ፀሐይ የቻለ ሰው!

ጥያቄውን ያቀረብኩላቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ስኒያቸውን አስቀመጡና "ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?" አሉኝ።

ችግሩ የመጣው ከልጃቸው ነው። "አባቴን ውኃ ልትከትብኝ ነው? በዚህ ዕድሜው! ሰው ምን ይለኛል?" አለ። ሁለት ሰዎች ይዤ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። ልብ በሉ፤ ሽማግሌ የላክነው ልጅን ለመለመን፣ ለራሳቸው ለሽማግሌው ፈቃድ ለማግኘት ነው። ጋሼ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳሎን ጥግ ተቀምጠው ትንሿ የልጅ ልጃቸው ጫማዋን ስታስር ያያሉ። ስለ እሳቸው ነው የምናወራው፤ ግን ማንም "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አላላቸውም። እኛ ሽማግሌ እናከብራለን እንላለን። እናከብራለንም፤ ከወንበር እንነሣላቸዋለን፣ ምርቃታቸውን አሜን ብለን እንቀበላለን። አክብሮታችን ግን ከወንበሩ አያልፍም። ወንበሩ ላይ ካስቀመጥናቸው በኋላ መድኃኒታቸውን ሰጥተን፣ ልጆቻችንን አስጠብቀን፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ እናደርግላቸዋለን። ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው አሁንም አንድ የሚያምረው ነገር ሊኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ያሳፍረናል መሰለኝ።

ከብዙ ንግግር በኋላ ልጁ "ሁለት ሳምንት ብቻ" አለ። የመመለሻ የባቡር ትኬታቸውን ራሱ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ለእኔ እንጂ ለእሳቸው አልሰጠም።

ኖርፎክ ላይ ትልቅነቱ በዓለም አንደኛ የሚባል የባሕር ኃይል ሰፈር አለ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ በግራችሁ ነው። አውሮፕላን ጫኙ፣ አጥፊው፣ የጭነቱ መርከብ ተደርድሮ ይታያል። ለጦር መርከብ ከ100 ያርድ በታች መቅረብ ክልክል ስለሆነ ጎረቤቴ ዳር ዳሩን ያዘ። ጋሼ የምሰሶውን ገመድ ይዘው ቆሙ። የመጀመሪያውን መርከብ አልፈን የመጨረሻው ላይ እስክንደርስ አልተቀመጡም፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በኋላ ቁጭ ሲሉ "ግራጫው ያው ነው" አሉ። በቃ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም።

ከዚያ ወደ ዲዝማል ረግረግ ቦይ ገባን። ሌላ መንገድም ነበረ፤ ጎረቤቴ ግን ታሪክ ይወዳል። ቦዩ 22 ማይል ነው። መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1793፣ የተከፈተው በ1805 ነው። የቆፈሩት ከጌቶቻቸው በኪራይ የመጡ ባሪያዎች ናቸው፤ በዚያ ትንኝና ጭቃ ውስጥ በእጃቸው። መግቢያው ላይ ጀልባዋ ሁለት ትላልቅ በሮች መካከል ትገባለች፣ ከኋላ ይዘጋል፣ ውኃ ይለቀቃል፤ እናንተ ገመድ እንደያዛችሁ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ትላላችሁ። ሊፍት ማለት ነው። ውኃው ሻይ ነው የሚመስለው፤ ከዛፉ ሥርና ከበሰበሰው ቅጠል የሚወጣ ቀለም አጥቁሮታል። ጎረቤቴ እንዳለው ግን የጥንት መርከበኞች ይህን ውኃ በበርሜል ይቀዱት ነበር፤ ረጅም ጉዞ ላይ ቶሎ አይበላሽም። ጋሼ በጣሳ ቀድተው አሸተቱና "ጠላው ገና አልፈላም" ብለው ደፉት።

በሁለቱም ዳር ሰው የማያልፈው የሚመስል ጫካ ነው። በዚያ ውስጥ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ደሴት ደሴቱን ይዘው ለትውልድ ኖረዋል። አንዳንዶቹ ወደ ሰሜን ለማለፍ ይጠለሉበታል፤ አንዳንዶቹ ግን እዚያው ወልደው እዚያው ሞተዋል። ጠባብ ነው ቦዩ፤ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ከላይ ይገናኛል። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ጀልባዋ ላይ ይወርዳል። በሰዓት ከስምንት ኪሎ ሜትር አንበልጥም። የሰመጠ ግንድ አልፎ አልፎ ታችዋን ኳ ሲያደርጋት ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ይደርሳል፤ ወገቤ ድረስ የተባለው ውኃ ጥቁር ስለሆነ ወገብም ይሁን አንገት አይታይም።

በማግስቱ ኤሊዛቤት ሲቲ አደርን። ይህች ከተማ ለመጣ ጀልባ ሁሉ ነፃ ማቆሚያ ትሰጣለች። እ.ኤ.አ. በ1983 ጆ ክሬመርና ፍሬድ ፊሪንግ የተባሉ ሁለት ነዋሪዎች በጀልባ ለሚመጡ ሴቶች የጽጌረዳ አበባ ማደል ጀመሩ፤ ልማድ ሆኖ ቀረ። እኛ ሦስት ወንዶች ነን፤ አበባ የሚሰጠው አጣን። ጎረቤቴ ግን "ሚስት አለችኝ፣ ፍሎሪዳ ናት" ብሎ ተከራክሮ አንድ ተቀበለ። በካርታው መጽሐፍ መሐል አስገብቶ ጨፈለቃት። ጋሼ ይህን አይተው "ሰው ነው" አሉ። በእሳቸው ሚዛን ትልቅ ሹመት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ከኤሊዛቤት ሲቲ በታች አልበማርል የሚባል ሰፊ ወሽመጥ አለ። ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ክፋቱም ከዚያ ነው። ጥልቅ ያልሆነ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ተከታታይ ይሆናል። በጠዋት ጸጥ ብሎ የተቀበለን ውኃ መሐሉ ላይ ስንደርስ ተገለበጠ። "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ" ያሉት አባቶቻችን ጣናን አይተው ይሁን አባይን አላውቅም፤ አልበማርልን ግን ቢያዩት ተረቱን አይቀይሩትም ነበር። ጎረቤቴ ከመሪው ሊነሣ ሲል ወገቡ ያዘውና እንደ ጎበጠ ቀረ። እኔ ሁለት እጄን ምሰሶው ላይ ጠምጥሜ የማውቀውን ሁሉ እየጸለይኩ ነው።

ጋሼ ተነሥተው መሪውን ያዙ። ማንም አልሰጣቸውም፤ አልጠየቁምም። እግራቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። ያ ደረጃ ሲወጡ ልጃቸው ክንዳቸውን የሚይዛቸው ሰውዬ! ሞገዱ ሲመጣ ጀልባዋን ትንሽ ያዞሯታል፤ ሲያልፍ ይመልሷታል። አራት ሰዓት ሙሉ። እንደ ድሮው ጭልፋ የያዙ ባለሙያ እናቶች፣ እጃቸውን ሳያዩ ነው የሚሠሩት። ማዶ ስንደርስ ጎረቤቴ መሬት ላይ እንደ ተኛ "ካፒቴን" አላቸው። "የበታች ሹም ነኝ" ብለው አረሙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ ሁሉንም ልቁጠር ብል ትሰለቻላችሁ። ጎህ ሲቀድ መነሣት፣ ሲመሽ መልህቅ መጣል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቀዩን ምልክት በቀኝ፣ አረንጓዴውን በግራ ትተዋላችሁ፤ ከሁለቱ መካከል ከወጣችሁ ጭቃ ነው። ቦፈርት የሚባል ከተማ ሰሜን ካሮላይና ላይ አለ፤ ደቡብ ካሮላይና ላይ ደግሞ በዚያው ሆሄ ተጽፎ "ቢዩፈርት" የሚባል ሌላ አለ። አንዱን በሌላው አጠራር የጠራ ሰው እንግድነቱ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ሀገሬው በትዕግሥት ያርመዋል። ካምፕ ለጁን በሚባለው የባሕር ወለድ ጦር ሰፈር በኩል ስታልፉ የተኩስ ልምምድ ካለ መንገዱ ይዘጋል፤ ጦሩ እስኪጨርስ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ድልድይ ላይ ስትደርሱ ደግሞ የድልድዩን ጠባቂ በሬዲዮ ጠርታችሁ እንዲከፍት ትለምናላችሁ። ይህን ሥራ ጋሼ ወሰዱት። የስልሳዎቹን የባሕር ኃይል እንግሊዝኛ ሲለቁት፣ ጠባቂው ከወዲያ "የስ ሰር!" ይላል። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ሬዲዮውን ግን ማንም እንዲነካ አይፈልጉም።

አንዴ ጭቃ ላይ ተቀመጥን። ቦታው ሎክዉድስ ፎሊ ይባላል፤ "ፎሊ" ቂልነት ነው ትርጉሙ። መሪው ላይ የነበረው ጎረቤቴ ነው። ውኃው እየጎደለ ስለነበር ተመልሶ እስኪሞላ ስድስት ሰዓት ያህል መጠበቅ ግድ ሆነ። ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል አለች። የፊዚክስ መምህሩ የጨረቃንና የፀሐይን ስበት በወረቀት ሥሎ ሊያስረዳን ሲጀምር ጋሼ ምድጃውን አቃንተው ሽሮ ጣዱ። ከቤት አንድ ጠርሙስ በርበሬና ሽሮ ይዘው መጥተዋል። ሰውየው ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ውኃው አነሣን።

በዎካማው ወንዝ በኩል ስታልፉ ግራና ቀኙ የድሮ የሩዝ እርሻ ነው። ዛሬ ሣርና ዳክዬ ብቻ ነው ያለው፤ ግን የተገደበበት መስመር አሁንም ይታያል። ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ባሪያዎች ሩዝ አዘራሩን ያውቁት ነበር፤ በእነሱ ዕውቀትና ጉልበት የከበሩት ግን ሌሎች ናቸው። በዚህ መንገድ ላይ ውበትና ታሪክ አብረው ነው የሚሄዱት። አንዱን ብቻ ልይ ብትሉ ሌላው አይለቃችሁም።

ቻርልስተን የደረስን ዕለት ጎረቤቴ ወደ ከተማ ይዞን ወጣ። ወደ ሰሜን አሜሪካ ከመጡት አፍሪካውያን ባሪያዎች ወደ አርባ በመቶ የሚሆኑት የገቡት በዚህ ወደብ እንደሆነ ይነገራል። ጋድስደን ወደብ የሚባለው ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም አለ። ከሙዚየሙ ወጥተን ውኃው ዳር ተቀምጠን ሳለ ጎረቤቴ የሮበርት ስሞልስን ታሪክ ነገረን። እኔ እየተረጎምኩ፤ ጋሼ እንግሊዝኛው ባይጠፋቸውም የደቡብ ስሞች ያስቸግሯቸዋል።

ሮበርት ስሞልስ ቢዩፈርት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1839 ባሪያ ሆኖ ተወለደ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ "ፕላንተር" የምትባል የደቡቦች የጦር ማመላለሻ መርከብ መሪ ይዞ ይሠራ ነበር። ሜይ 13 ቀን 1862 ሌሊት ነጮቹ መኮንኖች ለአዳር ወደ ከተማ ሲወጡ የሃያ ሦስት ዓመቱ ስሞልስ መርከቧን አስነሣ። ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ ዐሥራ ስድስት ሰው ጫነ። የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ አጠለቀ፣ አቋቋሙንም አስመሰለ። በየምሽጉ ሲያልፍ የሚነፋውን ጥሩምባ ያውቀዋል፤ ነፋው። በመጨረሻው በፎርት ሰምተር ሥር ጎህ ሊቀድ ሲል አለፈ። ከመድፍ ክልል ሲወጣ የደቡቦችን ባንዲራ አውርዶ ነጭ አንሶላ ሰቀለ፤ መርከቧን ከነመድፎቿ ለሰሜኖች ባሕር ኃይል አስረከበ። በኋላ የዚያችው መርከብ ካፒቴን ሆነ፤ የምክር ቤት አባልም ሆኖ ተመረጠ። የድሮ ጌታውን ቤት ገዝቶ በ1915 እዚያው አረፈ።

ጋሼ ፎርት ሰምተርን በዓይናቸው እየፈለጉ ዝም አሉ። ማታ አሽሊ ወንዝ ላይ መልህቅ ጥለን፣ እራት በልተን፣ መብራቱን ከቀነስን በኋላ ነው የተናገሩት።

"ይኼ ልጅ ይዞ ሲወጣ የሚረከበው ነበረ" አሉ።

ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

"እኛም ይዘን ወጣን። ከአሰብ። ምጽዋ ከሄደች ዓመት አልፏታል። አዲስ አበባ ማን እንዳለ የሚነግረን የለም። የመን ደረስን። መልህቅ ጣልን። ለማን ነው የምናስረክበው? ማን ነው 'ደግ አደረጋችሁ' የሚለን? መሣሪያውን ወሰዱ፣ እኛን አንድ ግቢ ውስጥ አስገቡን። ባንዲራውን ማን እንዳወረደው ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እኔ ነኝ። የሚያወርደው ሰው ጠፋ። ሁሉም ፊቱን አዞረ። ሥርዓት አለው'ኮ! ፀሐይ ስትገባ ነው የሚወርደው። ገና ቀትር ነበር።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ልጄ ቤት። ምድር ቤት፣ ከክረምት ልብሶች ጋር።"

ለማያስታውስ አንባቢ፦ ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ። "ኢትዮጵያ" የተባለችውም መርከብ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ስሟን የሰጠቻት ሀገርም ወደብ አልባ ሆነች። በ2018 ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ሲነገር ቡና ቤታችን ውስጥ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ቀለደ። ጋሼ ያን ዕለት ሒሳባቸውን ከፍለው ቀድመው የወጡት ለምን እንደሆነ የገባኝ ቻርልስተን ላይ ነው።

ጎረቤቴ "ምን እያሉ ነው?" አለኝ። ተረጎምኩለት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። አዝናለሁ፣ ምናምን ይላል ብዬ ስጠብቅ "መርከቧ ስንት ሜትር ነበረች?" ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ርዝመቷን፣ ስፋቷን፣ የሞተሮቿን ቁጥር ነገሩት። እሱ ሌላ ጠየቀ። እሳቸው መለሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ እኩለ ሌሊት ስለ አንዲት ብረት ሲያወሩ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ የጀልባዋን የጉዞ መዝገብ ለጋሼ ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ፣ ነፋሱ፣ የተጓዝነው ማይል የሚጻፈው በእሳቸው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ቢዩፈርት የእኔ መጨረሻ ነበረች። ፈቃዴ አልቋል። በአቅራቢያዋ የማሲ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወደ አሌክሳንድሪያ ባቡር አለ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ጋሼ ገመድ እየጠቀለሉ ነው።

"ጋሼ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠን" አልኩ።

"አንተ ሂድ፣ ልጄ። ሰውየው ወገቡ ደህና አይደለም። ብቻውን አይወጣውም።"

ትኬቱን አወጣሁ። አዩትና ገመዳቸውን ቀጠሉ። ልጃቸው ዘንድ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው፤ ከዚህ በላይ እኔ ሽማግሌ መሆን አልችልም። ከወዲያ ማዶ የሚለው ባይሰማኝም ድምፁ ከፍ ማለቱ ይሰማል። ጋሼ እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ "ልጆችህን ዘጠኝ ዓመት ጠብቄልሃለሁ። አንተ እኔን አንድ ወር ጠብቀኝ" አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ባቡር ውስጥ ሆኜ ልጁ ሁለት ጊዜ ደወለ። "አባቴን ይዘህ ሄደህ ባዶ እጅህን ትመጣለህ?" አለኝ በመጀመሪያው። በሁለተኛው ግን ሌላ ነበር የጠየቀኝ። "እውነት መሪ ይዞ ነበር?" አለ። አራት ሰዓት ስለ ፈጀው ስለ አልበማርል ነገርኩት። ስለ ባንዲራው አልነገርኩትም፤ ያ የእሳቸው ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፍሎሪዳ ተደወለ። ጋሼ ናቸው። የጎረቤቴ ሚስት በከዘራ ቆማ እንደተቀበለቻቸው፣ አበባዋ ብትደርቅም ቀይነቷ እንዳልጠፋ፣ የጆርጂያ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ከሁለት ሜትር በላይ እየሞላ እየጎደለ እንዳንገላታቸው ነገሩኝ። ድምፃቸው ጎርናናና የደስ ደስ ያለው ነው። "መቼ ነው የሚመለሱት?" አልኳቸው። ያልሰሙኝ መሰሉ።

"ስማ፤ በርበሬው አልቋል" አሉ። "ሰውየው ነው የጨረሰው። ለልጄ ንገረውና አንድ ኪሎ ይላክልኝ። ሽሮም ይጨምርበት።"

ልጁ በማግስቱ ላከ። ፖስታ ቤት አብሬው ሄጄ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ በርበሬና ሽሮው ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ጨርቅ አይቻለሁ።